ፍቅራችን በስኳር ሲለካ

ነገሩ የሆነው ያለፈው መስቀል ነው። እንደማንኛውም የጉራጌ ልጅ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ቡታጅራ ቤተሰብ ጋ ገባሁ። ወልቂጤ ያገባችው ታላቅ እህቴም የሰባት ወር ሆዷን ይዛ መጥታለች። በተረፈችኝ ብር ለስላሳና ኬክ ገዝቼ ፊቷ ደረደርኩ። "ጠጪ እንጂ፣ ለሁለት እኮ ነው!" አልኳት። ጠርሙሱን ወደኔ መለሰችው።

"ስኳር አለብሽ ተባልኩ" አለች ቀስ ብላ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እማዬ "በኛ ዘር ስኳር የለም!" ብላ ተቆጣች። ጎረቤታችን ደግሞ ገና ስትገባ "ወፍረሽ እንዴት አምሮብሻል!" ብላት ነበር። እኛ ጋ መወፈር ምርቃት ነው፤ ስኳር ደግሞ "የሀብታም በሽታ"። እህቴ ምንም አላመማትም። በክትትሏ ጣፋጭ ውሃ አጠጥተው ደሟን ባይመረምሩ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

ከዚያ በኋላ ጠየቅኩ፣ አነበብኩ። በእርግዝና ጊዜ ከእንግዴ ልጁ የሚወጡ ሆርሞኖች የእናትየዋን ኢንሱሊን ያዳክማሉ። ሰውነቷ ኢንሱሊን ጨምሮ ማካካስ ሲያቅተው ስኳሩ ደሟ ውስጥ ይከማቻል። ስኳሩ ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ጽንሱ ከልክ በላይ ይገዝፋል፣ ምጡም ይከብዳል። ከእርግዝና በፊት የነበረ ውፍረትና በቤተሰብ ያለ ስኳር በሽታ ያጋልጣሉ። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻ አይደለም፤ የእህቴም አይደለም። ግን የኛ ግብዣ አያግዛትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ለአዋቂ ሰው የሚጨመር ስኳር በቀን ወደ 25 ግራም፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ገደማ ቢወርድ ይመረጣል ይላል። እኔ ያመጣሁት ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ይዟል! የቤታችን ሻይ ደግሞ በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ነው።

ነገሩን ያበረደችው አያቴ ናት። "እኛ ቡናውን በቅቤና በጨው ነበር የምንጠጣው። ስኳሩን ያመጣችሁት እናንተ!" ብላ ለእህቴ ያለ ስኳር ቀዳችላት። ክትፎው በደንብ በሰለላት፤ ቆጮውን ቀነስ፣ ጎመኑን በዛ አድርጋ በላች። ማታ አብረን በእግር ወጣን። እማዬም ዝም ብላ የስኳሩን ዕቃ ከረከቦቱ ላይ አነሳችው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ እህቴ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ስኳሯ ከወሊድ በኋላ ወርዷል፤ ወደፊት ሊመለስ ስለሚችል ግን ምርመራዋን አላቋረጠችም። አራስ ጥየቃ ወልቂጤ ስሄድ እንቁላልና አቮካዶ ያዝኩ።

እናንተስ፣ እርጉዝ ስትጠይቁ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?