ከሚከር በላይ፣ የአንበሳ ዱካ ተከትለን

ከኮሎራዶዋ አውሮራ ሌሊት ተነሥተን፣ ራይፍል በምትባለው ከተማ በኩል ወደ ሰሜን ታጥፈን ሚከር ስንደርስ ገና አልነጋም ነበር። ጋሼ ከመኪናው ኋላ ጠመንጃቸውን ሲያወጡ ሳይ ቅር አለኝ። አጭር፣ ቀላል፣ መነጽር የሌለው ዊንቸስተር 30-30 ነው፤ ከምላጩ ዙሪያ ያለውን ብረት ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ያጎርሳል። ለአንበሳ ነው የምንሄደው ሲሉኝ ቢያንስ ምንሽር የሚያስንቅ ነገር ጠብቄ ነበር።

«አንቺ፣ ይኼ እኮ የእኛ አንበሳ አይደለም» አሉኝ። የኮሎራዶው የተራራ አንበሳ ጎፈር የለውም፣ አያገሣም። ወንዱ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቷ ታንሳለች። ውሾች አባረው ዛፍ ላይ ካወጡት በኋላ ተኳሹ የሚቆመው ከ15 ሜትር ብዙም ሳይርቅ ነው። በዚያ ርቀት ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን የሚጥል ከባድ ጠመንጃ ቆዳ ከማበላሸት በቀር ትርፍ የለውም። እጃቸውን የሚያምኑ 357 ማግነም ሽጉጥ ይዘው ይወጣሉ። ጋሼ ግን ሽጉጥ አይወዱም፤ «አፈሙዙ አጭር ነው፤ በረዶ ሲያዳልጥሽ የት እንደሚዞር አታውቂም» ይላሉ።

ቴዎዶር ሩዝቬልት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጦ ቃለ መሐላውን ሳይፈጽም፣ እ.ኤ.አ. በ1901 መጀመሪያ ላይ ጆን ጎፍ የተባለ አዳኝ እየመራው የተራራ አንበሳ ያደነው በዚሁ በሚከር አካባቢ ነው። ከጣላቸው አንዱ 227 ፓውንድ፣ ማለትም 103 ኪሎ ያህል መዘነ። ውሾች የያዙትን በጩቤ የወጋበት ጊዜም አለ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ እኔ አብሮን የሚያድነውን የውሾቹን ጌታ ፊት አየሁ፤ እሱ አልሳቀም።

የውሾቹ ጌታ ዝምተኛ ፈረንጅ ነው። ሕጉ ከስምንት ውሻ በላይ አይፈቅድለትም። ዱካው ትኩስ መሆኑን በጣቱ ነክቶ ካረጋገጠ በኋላ ለቀቃቸው፤ እኛም ዳገቱን ተያያዝነው። ጋሼ ጥይት አላጎረሱም። አፈሙዙ ላይ ፕላስተር ለጥፈዋል፤ ወድቀው በረዶ ቢገባበት ጠመንጃው ሲተኮስ ሊፈነዳ ይችላል። እኔ ግን ከጠመንጃው ይልቅ ያስፈራኝ ከሥራችን ያለው ገደል ነበር። ዳገቱ ደግሞ ያልባል፤ ላብ ያራሰው ልብስ በዚያ ብርድ ከአውሬው የባሰ ጠላት ነው።

«ዞሮ ቢመጣብንስ?» አልኩ።

«አትሩጪ፣ አታጎንብሺ፣ ዓይንሽን አትንቀዪበት። ከያዘሽ ታገዪው።» ይህም ሆኗል፤ ከፎርት ኮሊንስ አጠገብ ባለው የሆርስቱዝ ተራራ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ፌብሩዋሪ ብቻውን ሲሮጥ የነበረ ሰው ያጠቃውን ለጋ አንበሳ ያለ መሣሪያ አንቆ ገድሎታል።

አውሬውን ያገኘነው ጥድ ላይ፣ ከጉብታው ጫፍ ነበር። ከላይ ጅራቱን እያወናጨፈ ያየናል፤ ውሾቹ ከሥር ያብዳሉ። ተኩሱ በቃ አሁን ነው ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። ጋሼ ግን ጠመንጃውን አላነሡም። ከአንበሳው ኋላ ያለው ባዶ ሰማይ ነው፤ የሳተች ወይም በስታ ያለፈች ጥይት ኪሎ ሜትሮች ሄዳ ማን ላይ እንደምታርፍ አይታወቅም። ጉልበት በሚውጥ በረዶ ዛፉን ዞረን፣ ተቃራኒው ዳገት ከኋላው የሚሆንበትን ቦታ ፈለግን። የውሾቹ ጌታ ደግሞ አንድ በአንድ ይዞ ራቅ ካለ ዛፍ ጋር አሰራቸው፤ የቆሰለ አንበሳ መሐላቸው ቢወድቅ ሆዳቸውን ይዘረግፋል፣ ለማዳን የሚሮጠው ሰውም አይተርፍም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥበቃ። ግልገል ያላትን እናት መግደል ክልክል ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠውም ወንድና ሴት መለየትን የሚጠይቅ ፈተና ላለፈ ነው። ጋሼ በአቅራቢ መነጽር ከጅራቱ ሥር ያለውን ጥቁር ነጥብ እስኪያዩ ድረስ እግሬ ደነዘዘ። ወንድ ነበር። ያኔ አጎረሱ፤ ከትከሻው ኋላ አንድ ጥይት በቃው።

ጓንት ሳያደርግ የነካው ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ግራንድ ካንየን ውስጥ የሚሠራ የዱር እንስሳት ባለሙያ፣ ሞቶ ያገኘውን የተራራ አንበሳ ከፍቶ ሲመረምር ፕሌግ የሚባለው ቸነፈር ይዞት ሞቷል። ሥጋው ይበላል፤ እንዲያውም ጥሎ መሄድ በሕግ ያስጠይቃል። ግን ትል ስለማይታጣው በደንብ መብሰል አለበት። ለእኔና ለጋሼ ይህ ጥያቄ አልነበረም፤ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ የማያመሰኳ እንስሳ ቤታችን አይገባም። ሥጋውን የውሾቹ ጌታ በደስታ ወሰደው።

የቀረው የመንግሥት ጉዳይ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ፣ ከዚያ ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ቆዳውንና ጭንቅላቱን ማቅረብ ግድ ነው፤ ዕድሜውን የሚለዩበት ጥርስ ይነቅሉለታል። ታዲያ በረዶ ሆኖ ከደረቀ አይቀበሉም። ስለዚህ ጋሼ ጠቅልለው ከእኔ ወንበር ኋላ አስቀመጡት፤ ማሞቂያውን ከፍተው እስከ ከተማ ድረስ በዚያ ሽታ ሄድን። መስኮት ልክፈት ብል «ብርድ ይገባል!» ብለው ተቆጡኝ።