ነቀምት ነው ያለው

ባለፈው መስከረም፣ መስቀል ካለፈ በኋላ በነበረው እሁድ፣ «ሃይኪንግ» ሄድኩ። ተራራ መውጣት አላልኩም፤ ሃይኪንግ ነው ያልኩት። ተራራ መውጣትማ በነፃ ነው፤ ሃይኪንግ ግን ትራንስፖርት፣ ምሳና ቲሸርት ተጨምሮበት ይከፈልበታል። ያዘጋጁት የመሥሪያ ቤታችን ልጆች ናቸው። «ጋሼ፣ ሐይቅ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ ገደል አለ፤ ያውም እዚሁ አፍንጫችን ሥር!» አሉኝ።

«የት ነው?»

«ገፈርሳ።»

ዝም አልኩ። እነሱ እሺታ መሰላቸውና መዘገቡኝ።

እናላችሁ በማለዳ ከፒያሳ ተነስተን፣ በዊንጌት በአስኮ አድርገን ቡራዩ ገባን። ቡራዩ ዛሬ ለብቻዋ ከተማ አይደለችም፤ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከሌሎች የፊንፊኔ ዙሪያ ከተሞች ጋር ተጠቃላ ሸገር ከተማ ተብላለች። ልጅ ሳለሁ አስኮ ካለፈ በኋላ ከመስኮቱ የማየው ከብትና የገብስ ማሳ ነበር። አሁን ፎቅ ነው፣ ብሎኬት ማምረቻ ነው፣ እንደገና ፎቅ ነው። መንገዱ ግን ያው ነው፤ ወደ አምቦ፣ አልፎም ወደ ነቀምት የሚወስደው።

ሐይቅ የምንለው ለክብሩ ነው እንጂ ገፈርሳ ሰው ሠራሽ ነው። ትንሹ አቃቂ ከሚነሳበት ደጋ ላይ፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተገደበ ውኃ ነው። ከለገዳዲም ከድሬም በፊት አዲስ አበባን ያጠጣ እሱ ነው። ገፈርሳ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ጎሾቹ የሉም፤ ስማቸው ቀርቷል። ጋጋኖዎቹ ግን አሉ፤ እየተንጫጩ በላያችን አለፉ። ዳር ዳሩን ደግሞ ከእኛ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሣር ይግጣል። ልጆቹ ፎቶ ለማንሳት ሲሮጡ፣ ዝዮቹ ሳይደነግጡ፣ በኩራት ፈቀቅ አሉላቸው።

ፏፏቴው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለት ሰው ቢደራረብ የሚያክል ነው። ክረምቱ የተወው ጅረት ከድንጋይ ላይ ይወርዳል፤ ጥቅምት ሲያልቅ እሱም የሚኖር አይመስለኝም። ገደሉ ይሻላል። እዚያ ላይ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ስታዩ መናገሻ ተራራ፣ ወደ ደቡብ ስታዩ 3,385 ሜትር የሚረዝመው ወጨጫ ከነደመናው ተቀምጧል። ከወጨጫ ጀርባ፣ በሰበታ በኩል፣ የሱባ ጫካ አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው። አስጎብኚያችን ይህን ሲያወራ እኔ ወደ ሌላ ቦታ ነበር የማየው። አንድ ግቢ እየፈለግሁ።

ገፈርሳን የማውቀው በሃይኪንግ አይደለም። የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለበት። የእናቴ ታናሽ ወንድም ከአማኑኤል ወጥቶ እዚያ ነበር። ለጎረቤት ግን «ነቀምት ሥራ ይዟል» ነበር የምንለው። እናቴ ውሸት አትወድም፤ «መንገዱ አንድ አይደል!» ትል ነበር፣ ለራሷ ይሁን ለእኔ እንጃ። በወር አንድ እሁድ ዳቦና ሙዝ፣ አንዳንዴም ንጹሕ ሸሚዝ በዘንቢል ይዘን እንሄዳለን።

አጎቴ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። አንድ ቀን አስፈቅዶ ውኃው ወደሚታይበት ወሰደኝ። «ይሄ ውኃ ቀድሞህ ቤት ይገባል» አለኝ። «ቧንቧ ስትከፍት እኔ የላክሁልህ ነው።» ቤት ስደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት ቧንቧ መክፈት ነው። እናቴ፣ «ውኃውን አታባክን!» ብላ ተቆጣች።

ስምንተኛ ክፍል ስሆን አንድ የክፍል ጓደኛዬ አስኮ ላይ ከእነ ዘንቢላችን አየን። «የት ነው?» አለኝ። «ነቀምት» አልኩት፤ እሱም በዘንቢል ሙዝ ተይዞ ነቀምት መሄድን ለክፍሉ ሁሉ አወራ። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ፈተና በዛብኝ። እናቴ ብቻዋን ሄዳ ስትመለስ፣ «ልጁስ? ብሎ ጠየቀ» ትለኛለች። ሌላ ነገር አትጨምርም። አጎቴ በኋላ ተሽሎት ቤት ገብቶ፣ ከእኛው ጋር ስድስት ዓመት ኖሮ ነው ያረፈው። በስድስቱ ዓመት ውስጥ ለምን እንደቀረሁ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ከገደሉ ስንወርድ አንዲት ሴትዮ ቢጫ ጀሪካን የጫነች አህያ እየነዳች አገኘናት። ከእኛ ልጆች አንዱ፣ በቅንነት ነው፣ «እማማ፣ ይሄን የመሰለ ሐይቅ አጠገባችሁ እያለ ውኃ ትገዣለሽ?» አላት። ሴትዮዋ ከእኔ ብታንስ እንጂ አትበልጥም፤ እማማ መባሉን አልወደደችውም።

«እሱ የእናንተ ነው» አለች፣ አህያዋን ሳታቆም። «እኛ እናየዋለን።»

ልጆቹ ሳቁ። በእኛም ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት፤ ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። የእሷን ጀሪካን አያቀልላትም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሙዚቃው ተከፈተ። አጠገቤ የተቀመጠችው የሒሳብ ክፍል ልጅ ፎቶዎቿን እያገላበጠች፣ «ጋሼ፣ ቀድሞ ያውቁታል እንዴ ቦታውን? ሲያዩት እንደሚያውቁት ነበር» አለችኝ።

«አጎቴ እዚህ ነበር።»

«ውይ! ምን ይሠሩ ነበር?»

ያ ግቢ በመስኮቱ በኩል ወደ ኋላ እየቀረ ነበር። ዕድሜዬን ቆጠርኩ፤ የልጅቷን የዋህ ፊት አየሁ።

«ውኃ ላይ ነበር» አልኳት።

«እንዴት ደስ ይላል!» አለችና ወደ ፎቶዋ ተመለሰች።