ለአገልግሎት ወደ ሰቆጣ ሲሄዱ

ከአጥቢያዎ ምእመናን ጋር ለሐዋርያዊ ጉዞ ወደ ዋግ ኽምራ ከሄዱ፣ ቀንዎ ገና ሳይነጋ በኪዳን ጸሎት ይጀምራል። ቀጥሎ ትምህርት ይሰጣል፤ የብዙ እናቶች አፍ መፍቻ ኽምጣና ስለሆነ አስተርጓሚ ቀድመው ያዘጋጁ። ከሰዓት በኋላ ከሰቆጣ ወጣ ብለው ከአለት የተፈለፈለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ይሳለሙ፤ የዋግሹሞች አጽም ያረፈበት ነው።

ማታ ባለቤቶቹ እግርዎን ሊያጥቡ ይመጣሉ። አገሩን ድርቅ ደጋግሞ ይጎበኘዋል፤ ያ ውኃ በሴት ጀርባ ዳገት የወጣ ነው። «ይቅርብኝ» አይበሉ፤ ይከፋቸዋል። ይልቅ በማግስቱ ጀሪካኑን ይዘው፣ ልጆችዎን አስከትለው ወደ ውኃው ይውረዱ። ከስብከቱ ይልቅ ልጆችዎ የሚያስታውሱት ዳገቱን ይሆናል።