«ከየት ነው የመጣኸው?»



በ2004 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ለሁለት ወር ለንግድ ጁባ የከረመው ታናሽ ወንድሜ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ቤታችን በደስታ ተሞላ። በዘጠነኛው ቀን ግን አንቀጠቀጠው፤ ትኩሳቱም ጨመረ። ክረምት ነበርና እናታችን «ብርድ መትቶት ነው» ብላ ለማፍጠሪያው ዝንጅብል አፈላችለት። አላህ ለበሽተኛ ፈቅዶ ሳለ እርሱ ጾሙን አልተውም አለ።

በማግስቱ ክሊኒክ ወሰድኩት። ከጁባ መምጣቱን ሊናገር ሲል ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። «ሕመምህን ተናገር፤ መንገድህን ማን ጠየቀህ?» አልኩት። ደሙ ታይቶ «ታይፎይድ ነው» ተባለ፤ መድኃኒት ይዘን ገባን። በሦስተኛው ቀን ንግግሩ ተዘባረቀ፤ ስሙን ስንጠራው የማይመልስ ሆነ።

በሌሊት ሆስፒታል አደረስነው። ተረኛዋ ሐኪም በመጀመሪያ የጠየቀችን «በቅርቡ የት ነበር?» ብላ ነው። ጁባ አልናት። ወዲያው ደሙን ለወባ አስመረመረች፤ ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ዓይነት ተገኘ። በደም ሥሩ መድኃኒት ተጀመረለት። በአራተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ፤ አልሐምዱ ሊላህ!

ሐኪሟ በኋላ እንዳስረዳችን፣ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ በከተማዋ እምብዛም አይተላለፍም። ስለዚህ በሽተኛው ከየት እንደመጣ ካልተነገረው ሐኪሙ ወባን ላያስብ ይችላል። ለታይፎይድ የሚደረገው የተለመደው የደም ምርመራም ሊያሳስት ይችላል። ፋልሲፓረም አብዛኛውን ጊዜ ከተመለሱ በአንድ ወር ውስጥ ይታያል፤ ቫይቫክስ የሚባለው ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ምርመራው አንድ ጊዜ ባያሳይም በ12 ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ መደገም አለበት።

ወንድሞችና እህቶች! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል። መታከም ደግሞ የሚጀምረው እውነቱን ሙሉ ከመናገር ነው። ከመንገድ የተመለሰ ሰው ካተኮሰው በዚያው ዕለት ይመርመር፤ የነበረበትን አገርና የተመለሰበትን ቀን ሳይጠየቅ ይናገር። እኔ ያን ቀን ዝም ያሰኘሁትን ቃል ሳስብ ዛሬም እደነግጣለሁ። አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስልን፤ አሚን።