በጨዋታ መሐል የሚጠፋው ኮምፒውተር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። በሽታን በመደበቅ ደግሞ ኮምፒውተርን የሚያህል የለም። ሲጻፍበት ውሎ ደህና የነበረ ዴስክቶፕ ጌም ሲከፈትበት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ውድ አንባቢያን፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ እዚሁ ደብረ ታቦር ያጋጠመኝን እንዲህ ያለ ብልሽትና መንስኤው እንዴት እንደተገኘ ላጫውታችሁ።

ኮምፒውተሩ የአጎቴ ልጅ ነው። ቀን ማመልከቻ ይጽፍበታል፣ ፕሪንት ያደርግበታል፤ ማታ ማታ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር የእግር ኳስ ጌም ይጫወትበታል። መጥፋት ሲጀምር አንዱ ባለሙያ «ቫይረስ ነው» ብሎ ፎርማት አደረገው፤ ሌላው «ግራፊክስ ካርዱ ተበላሽቷል፣ ይቀየር» አለው። ለካርዱ መግዣ የታሰበው ደግሞ ፋርጣ ያሉት ወላጆቹ ድንች ሸጠው ለቀጣዩ ዘር ያስቀመጡት ብር ነበር። ነገሩን በእርጋታ ማየት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኩት «አጠፋፉ እንዴት ነው?» ብዬ ነው። ጌሙ ብቻ ተዘግቶ ዊንዶውስ የሚቀር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከጌሙ ወይም ከድራይቨሩ ነው። ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ በአብዛኛው ድራይቨር ወይም ራም ይጠረጠራል። የእሱ ግን መብራት እንደሄደበት ቤት ጭልም ነው የሚለው። የዊንዶውስ መዝገብም «ከርነል ፓወር 41» ከማለት በቀር የተናገረው የለም፤ ይህ ቁጥር ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይገልጽም። ስለዚህ ሁለት ዋና ተጠርጣሪዎች ቀሩ፤ ሙቀትና ኃይል።

ከሙቀት ጀመርን። ደብረ ታቦር ከባህር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ባህር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያንሳል። በሌላ በኩል የጉና ብርድ ያግዛል። ጌሙ እየሄደ ስንለካው ፕሮሰሰሩ 84 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን የሚቀንሱት ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። አቧራውን ጠርገን፣ የሙቀት ቅባቱን ቀይረን 72 አደረስነው። ማታ ግን ያው ጠፋ! ሙቀት ነፃ ወጣ።

ከዚያ ደብተር አስገዛሁት። «አይ አንተ ልጅ! እኔ ካርድ ልግዛ ስል ደብተር ታስገዛኛለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም የሚጠፋበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፈ። በሳምንቱ ስናየው ከ7ቱ መጥፋቶች 6ቱ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ናቸው። ሰፈሩ ምጣድና ምድጃ የሚሰካበት፣ አምፖሉ የሚርገበገብበት ሰዓት ማለት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጫወትበት ምንም አልሆነ።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን አነበብን። በትልቁ 500 ዋት ይላል፤ የ12 ቮልት መስመሩ ግን 15 አምፔር ብቻ ነው። 12 በ15 ሲባዛ 180 ዋት ይሆናል። ጌም ሲከፈት ካርዱ እስከ 120፣ ፕሮሰሰሩ እስከ 65 ዋት ይፈልጋሉ፤ ድምሩ 185። ጽሑፍ ሲጻፍ ግን የሚፈልጉት የዚህን ትንሽ ክፍል ነው። በዚያ ላይ መብራቱ ለቅጽበት ሲወርድ ማሽኑን የሚያቆየው በፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተር የተጠራቀመው ኃይል ነው። ይህም በብዙ ፓወር ሰፕላዮች በሙሉ ጭነት ከ16 ሚሊ ሰከንድ ብዙም አያልፍም፤ የመብራታችን አንድ ዑደት ደግሞ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። ጭነቱ ሲቀል ጊዜው ይረዝማል። ቀን ሲጽፍበት የማይጠፋው ለዚህ ነው።

ሌላ ምንም ሳንነካ ከጓደኛ የተዋስነውን ደህና ፓወር ሰፕላይ ገጠምን። ሳምንቱን ሙሉ አንዴም አልጠፋም። አዲሱ የተገዛው የካርዱን ዋጋ ሩብ በማይሞላ ብር ነው፤ የድንቹም ብር ለዘሩ ቀረ።

ጓደኞቼ፣ ነገ የሰው ገንዘብ በእጃችን ይገባል። ሁለት ዕቃ በአንዴ የቀየረ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ሳይለካ የቀየረ ደግሞ በሰው ኪስ እየገመተ ነው። አደራ፣ የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራሱን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ሊመታ ይችላል። ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት እስኪርቢቶ አንሱ። ቸር ይግጠመን!