ግማሽ ስንት ነው?

ቧንቧ ሠራተኛው የሚገዛውን ዕቃ የጻፈልኝ ከሲሚንቶ ከረጢት በቀደደው ወረቀት ላይ ነው። “ጥቁር ጥቅል ቱቦ፣ ባለ አንድ፣ 19 ሜትር። ግማሽ ኤልቦ 6። ግማሽ ቲ 2። ቴፍሎን በርከት አርገው። ጂራቱቦ፣ ሴጌቶ።” ከታች ደግሞ አሰብ አድርጎ “ሻይ” ብሎ ጨመረበት። ሻዩ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የመሣሪያዎቹ ስም አላስቸገረኝም፤ ስሰማው ያደግኩት ነው። ጂራቱቦ፣ ሴጌቶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሜትሮ። ጣሊያን አምስት ዓመት ከርሞ ሲወጣ የመሣሪያ ሳጥኑን ረስቶ የሄደ ይመስላል። በእሱ ቋንቋ ጂራቱቦ “ቱቦ አዙር” እንደ ማለት ነው፤ ቱቦ የሚለውም ቃል ከዚያው ሳጥን የወጣ ነው። ኤልቦና ቲ የሚሠሩበት ፒፒአር እንኳ ከዚህ ወገን አይርቅም። ለዚህ ፕላስቲክ መነሻ የሆነውን ፖሊፕሮፒሊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 መልክ ያስያዘው ጁሊዮ ናታ የሚባል የሚላን መምህር ነበር። ጥቁሩ ቱቦ የሚሠራበትን ጠንካራ ፖሊኤቲሊን ደግሞ ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ያገኘው ጀርመናዊው ካርል ሲግለር ነው። በ1963 የኖቤልን ሽልማት ለሁለት ተካፈሉ፤ ይኸው አሁን ደግሞ በእኔ የሲሚንቶ ወረቀት ላይ ተገናኙ።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ልጅ እግር ነው፤ ከጀርባው ያለው ግድግዳ እስከ ጣሪያው በፊቲንግ ተሞልቷል።

“እናቴ፣ ምን ልስጥዎት?”

“ግማሽ ኤልቦ።”

“የብረቱን ነው የፒፒአሩን?”

እዚህ ላይ ተማሪነቴ ተነሣብኝ። ከመውጣቴ በፊት ቤት ያለውን የብረት ቱቦ በልጄ ማስመሪያ ለክቼ ነበር። ሃያ አንድ ሚሊ ሜትር ከምናምን መጣልኝ። የኢንች ግማሽ ደግሞ 12 ነጥብ 7 ነው። ስለዚህ የእኔ ቱቦ ግማሽ ሊሆን አይችልም ብዬ፣ ማስመሪያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስረዳሁት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ።

“ግማሽ ነው እናቴ” አለኝ። “ስሙ እኮ ነው።”

እውነቱን ነው። ድሮ የብረት ቱቦ ግድግዳው ወፍራም ሳለ ቀዳዳው ግማሽ ኢንች ገደማ ነበረ። ብረት አሠራሩ እየተሻሻለ ግድግዳው ሲሳሳ፣ አዲሱ ቱቦ ከአሮጌው ጥርስ ጋር መግጠም ስላለበት የውጪውን ልክ አልነኩትም፤ የቀነሱት ከውስጥ ነው። ቀዳዳው ሰፋ፣ ስሙ ግን ባለበት ቀረ። ዛሬ የብረቱ “ግማሽ” በውጪ 21 ነጥብ 3፣ በውስጥ ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ የሚባለው ነገር የትኛውም ጎኑ ላይ የለም። ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ ወጥተው እንኳ “ማሙሽ” የሚባሉ ሰው አሉ፤ ልክ እንደሳቸው ነው። ፕላስቲኩ በበኩሉ የሚጻፍበት የውጪው ስፋት ስለሆነ ግራ መጋባቱ እጥፍ ይሆናል፦ 20 የሚል የታተመበትን “ግማሽ”፣ 25ቱን “ሦስት ሩብ”፣ 32ቱን “ባለ አንድ” ብለው ይሸጡልሻል። ማስመሪያውን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

ጥቁሩን ቱቦ ለካልኝ። ሰማያዊ መስመር በርዝመቱ ወርዶበታል፤ የሚጠጣ ውኃ ነው ማለት ነው፤ ቢጫ ቢሆን ለጋዝ ነበር። ጥቁረቱም ለውበት አይደለም። ፕላስቲኩ ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ጥላሸት ተቦክቶበታል፤ ያ ባይኖር ፀሐይ ጥቂት ዓመት ሳይሞላው ታደርቀውና ይሰነጣጠቅ ነበር። ከድስት ቂጥ ስንፈትገው የኖርነው ጥላሸት ለካ እንዲህ ያለ ሙያ ነበረው!

የሚኒባሱ ረዳት ጥቅሉን ዙሪያውን አይቶ፣ “ቱቦውም ይከፍላል” አለ። ከፈልኩለት። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ክርናቸውን አሳረፉበት።

ሠራተኛው ቱቦውን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ካለሰለሰው በኋላ በአጥሩ ሥር ከቆጣሪው እስከ ሮቶው አወረደው። ጥሎት የሄደው ግን እንደ እባብ አጣሞ ነው። መንገዱ 18 ሜትር ነው፤ እኔ ራሴ በሜትሮ ለክቻለሁ። ታዲያ 19 ለምን አስገዛኝ? ስጠይቀው “ይተንፍስ ብዬ ነው” አለኝ። ቱቦ ይተንፍስ! ጥድፊያውን ሊሸፍን ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሂሳቡን ተቀብሎ ሲወጣ አዲሱን ሴጌቶ አነሣሁ፤ በቀትር ፀሐይ ቱቦውን ወጥሬ ትርፉን ቆረጥኩና መጋጠሚያው ውስጥ መልሼ ሰክቼ በእጄ አጠበቅኩት። ቀጥ አለ። ወንበር አውጥቼ ፊት ለፊቱ ቡና ጠጣሁ።

በእኛ ሰፈር ፈረቃ ውኃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ የሚመስል ድምፅ ቀሰቀሰኝ፤ ወሩ ግን ጥር ነው። ስወጣ ቱቦው ከመጋጠሚያው ወጥቶ፣ ጽጌረዳዬን፣ የጎረቤትን ግንብና ከገመድ ያልገባ ልብስ እያጠበ ነው። የቆጣሪው መርፌ ይሽከረከራል፤ ቆጣሪ ያለፈ ውኃ ደግሞ ፈሰሰም ተጠጣም የባለቤቱ ነው።

ይህ ዓይነቱ ፕላስቲክ ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ ሲወርድ በየሜትሩ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ጥቁር ቱቦ በቀትር የሚያገኘውን ሙቀትና የአዲስ አበባን የጥር ሌሊት ብናስብ ልዩነቱ ሠላሳ ዲግሪ ቢሆን አይበዛበትም። በ18 ሜትር ላይ ይህ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኔ የሰካሁት አራት ጣት አይሞላም።

በማግሥቱ ሠራተኛው መጣ። ምን እንደነካሁ ሳልነግረው አየው፤ ምንም አላለም። አንድ ሜትር ቀጠለበት፣ እንደገና አጣመመው፣ በዝርዝሩ የጻፈውን ሻይም ጠጣ።

ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቴ በአጥሩ አንገቷን አስግጋ ቱቦውን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

“ውይ እትዬ፣ ማነው እንዲህ አጣሞ የሠራልሽ?”