ዘፋኙ ድምፁን ያጣ ጊዜ

አጎቴ ከሌኒንግራድ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ይዞት የመጣውን ሻንጣ ቤተሰባችን ዛሬም ድረስ እያነሳ ይስቅበታል። ከሶቪየት ኅብረት የሚመለስ ሰው ካፖርት፣ ሳሞቫር፣ ቢያጣ ቢያጣ አንድ ካሜራ በሚያመጣበት በዚያ ዘመን፣ እሱ የፊዚክስ መጻሕፍቱንና አንዲት ካሴት ይዞ ከተፍ አለ። ካሴቷ ከሌላ ካሴት የተገለበጠች ናት፤ በላይዋ ላይ በሩሲያ ፊደል፣ በእስክሪብቶ፣ «ስኮርፒዮንስ» ተብሎ ተጽፎባታል። አያቴ ትርጉሙን ጠይቃው «ጊንጦች ማለት ነው» ቢላት፣ «ጊንጥም መዝፈን ጀመረ?» ብላ አማተበች አሉ።

እኔ ካሴቷን ያገኘኋት ዐሥር ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ሮክ ያን ጊዜ ለኔ ጩኸት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ግማሹ ጩኸት ነው። በዚያ ጩኸት መኻል ግን አንድ ቀጭን፣ እንደ ሽቦ የተወጠረ የወንድ ድምፅ አለ። የክላውስ ማይነ ድምፅ ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። (አንባቢ እንዳይምታታበት፣ የአገር ቤቱን ዓመት በእኛ፣ የፈረንጆቹን በእነሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ባንዱን የመሠረተው ማይነ አይደለም። በጦርነቱ በቦምብ ወድማ እንደ ገና በተሠራችው በሃኖቨር ከተማ፣ በ1965፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ጊታር ተጫዋች ሩዶልፍ ሼንከር ነው ያቋቋመው። የጀርመን ልጆች ተነሥተው የእንግሊዞችንና የአሜሪካኖችን ሙዚቃ በእንግሊዝኛ መልሰው ለእነዚያው ለመሸጥ መነሣታቸው ለቀባሪው እንደ ማርዳት ያለ ነገር ነበር። ቢሆንም ገፉበት። በ1969 ማብቂያ ግድም የሩዶልፍ ታናሽ ወንድም ሚካኤልና ዘፋኙ ማይነ ተቀላቀሉ፤ በ1972 የመጀመሪያው አልበም ወጣ። በ1973 ደግሞ ከእንግሊዙ ባንድ ከዩፎ ጋር አብረው ሲዞሩ የዩፎ ጊታር ተጫዋች ሳይመጣ ይቀራል። ሚካኤልን አዋሱ። የተዋሰው ዕቃ ግን አልተመለሰም፤ ሚካኤል እዚያው ቀረ።

ባንዱ በዚህ ጊዜ በተግባር ፈርሷል ማለት ይቻላል። ሩዶልፍ ዶውን ሮድ ወደሚባል ሌላ የሃኖቨር ባንድ ገባ፤ ማይነም ተከተለው። ልጆቹ የበዙት ከዶውን ሮድ ወገን ሲሆን ስሙ ግን የጊንጦቹ ሆነ፣ በገበያ የታወቀው እሱ ነበርና። አዲሱ ጊታር ተጫዋች ኡሊ ዮን ሮት ጥሩ ጥሩ ዓመታት ሰጥቷቸው፣ ጃፓን ድረስ አስወድዷቸው፣ በ1978 ለቀቀ። ማቲያስ ያብስ ተቀጠረ። በ1979 ሚካኤል ብቅ ሲል ያብስ ተሰናበተ፤ ሚካኤል እንደ ገና ሲጠፋ ያብስ እንደ ገና ተጠራ። ሰውዬው ኩራቱን ዋጥ አድርጎ መጣ፤ እነሆ እስከ ዛሬ አለ። ስለ አልበሞቻቸው ሽፋን ባላወራ ደስ ይለኛል። በተለይ የ1976ቱ ያሳፍራል፤ በብዙ አገር በሌላ ሥዕል ተተክቷል።

እንግዲህ ወደ 1981 ልምጣ። ለአዲስ አልበም ዝግጅት ተጀምሯል። አሜሪካም በሯን ገርበብ ማድረግ ጀምራለች። በዚህ መኻል የማይነ ድምፅ ጠፋ። ጉንፋን አልነበረም፤ የድምፅ አውታሩ ታሞ ቀዶ ጥገና አስፈለገው። ተመልሶ ይዝፈን አይዝፈን የሚያውቅ አልነበረም። ማይነ ራሱ ኋላ ደጋግሞ እንዳወራው፣ ለጓደኞቹ «ሌላ ዘፋኝ ፈልጉ» አላቸው። እነሱም «አንፈልግም፣ ዳን፣ እንጠብቅሃለን» አሉት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሚተካው ሰው በሩቅ የሚፈለግ አልነበረም። ዶን ዶከን የሚባል፣ ያን ጊዜ ገና ስሙ ያልገነነ፣ ጥሩ ድምፅ ያለው አሜሪካዊ ዘፋኝ ማይነ እስኪያገግም ለመለማመጃ የሚሆነውን ቅጂ እንዲዘፍንላቸው ተጠርቶ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። ቴፑ ላይ ድምፁ አለ። «በቃ ይሄው ይሁን» ቢሉ ማን ይወቅሳቸው ነበር? አላሉም። ማይነ እንደ ልጅ ከሀሁ ጀምሮ ድምፁን አሠለጠነ፣ ተመለሰ፣ አልበሙን እሱው ዘፈነው። «ብላክአውት» ተብሎ በ1982 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ዐሥር አልበሞች ተርታ ገባ። ያን የሰማ ሰው ያ ጉሮሮ ታሞ ነበር ቢሉት አያምንም።

ይህን ታሪክ ያነበብኩት በጋዜጣ አይደለም፤ ባለ አራት ማዕዘን የሒሳብ ደብተር ላይ ነው። አጎቴ ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ዐሥር ዓመት ሙሉ ሲያስተምር ኖሮ በ1994 ዓ.ም. ድምፁ መጀመሪያ ሻከረ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ፣ በመጨረሻም ድርግም አለ። ሐኪሙ ሦስት ወር እንዳይናገር አዘዘው። የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ግን ሦስት ወር አልጠበቀም። በቦታው ሌላ መምህር ተቀጠረና አጎቴ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወረ፤ ለባልደረቦቹ ጠመኔ እያስፈረመ ያድል ጀመር። ማታ ማታ ቤት ሲመጣ የሚያወራኝ በጽሑፍ ነበር። ሌኒንግራድ ሳለ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ የመኝታ ክፍል ጓደኛው የነገረውን የማይነን ነገር የጻፈልኝ በአንደኛው ማታ ነው። «ጠበቁት» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አስምሮባታል። ደብተሩ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ።

ካደግሁና ጋዜጠኝነት ከተማርኩ በኋላ ነገሩን ጠርጠር ማድረጌ አልቀረም። ሩዶልፍ ዜማውን ይሠራል፣ ማይነ በአብዛኛው ግጥሙን ይጽፋል፤ ስለዚህ ማይነን ማጣት ዘፋኝ ብቻ ሳይሆን የሥራውን እኩሌታ ማጣት ነው። ደግሞም ሁሉንም አልጠበቁም። ሃያ ዓመት ያህል ድራም የመታላቸውን ጀምስ ኮታክን በ2016 አሰናብተዋል። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ለአጎቴ ነገርኩት። «ጋሼ፣ የጠበቁት እኮ ስለሚጠቅማቸውም ጭምር ነው» አልኩት። ያን ጊዜ ከድምፁ ግማሹ ተመልሶለት ነበር። «እኔስ አልጠቅምም ነበር?» አለኝ በዚያ በሻከረ ድምፁ። መልስ አልነበረኝም፤ ቡና እንዲደገም ጠየቅሁ።

አጎቴ አንድ ነገር አልጠፋበትም፦ ፉጨት። በዚያ የዝምታ ወቅት ከጓሮ ሲፈልገኝ የሚጠራኝ በፉጨት ነበር። ፊዚክስ መምህር አይደል፣ ፉጨት የከንፈርና የአየር ጉዳይ እንጂ የድምፅ አውታር ጉዳይ አለመሆኑን ደብተሩ ላይ በሥዕል አስረድቶኛል። የሚያፏጨው ዜማ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዊንድ ኦፍ ቼንጅ»፣ የለውጥ ነፋስ።

የዚህ ዘፈን መነሻ አጎቴ ካለበት ከተማ ይጀምራል። በሚያዝያ 1980 ዓ.ም. ጊንጦቹ ሌኒንግራድ መጡ። የሞስኮው ዝግጅት ተሰርዞ ሌኒንግራድ ላይ ዐሥር ምሽት ተጫወቱ። አጎቴ ስድስተኛውን ምሽት ገብቷል፤ ለቲኬቱ የክረምት ጫማውን ሸጧል። ትዝ የሚለው ከዘፈኑ ይልቅ ሕዝቡ ነው፤ ጎረምሶቹ እያንዳንዱን ቃል ያውቁት ነበር፣ እንደ እሱው ካሴት ከተገለበጠ ካሴት። በተከታዩ ዓመት፣ በነሐሴ 1989፣ ሞስኮ በሌኒን ስታዲየም በተደረገው ትልቅ የሮክ ዝግጅት ላይ ከነቦን ጆቪና ኦዚ ኦዝበርን ጋር ቆሙ። ማይነ እንደሚለው ጥበቃ ላይ የነበሩት ወታደሮች ሳይቀሩ ፊታቸውን ወደ መድረኩ አዙረው ባርኔጣቸውን ወረወሩ። በሞስኮ ወንዝ በጀልባ ሲጓዙም ከየአገሩ የመጡ ሰዎች አብረው ተሳፍረው ነበር። ከዚያ ተመልሶ ነው ዘፈኑን የጻፈው፤ የበርሊን ግንብ ገና አልፈረሰም ነበር። ፉጨቱን የኩባንያው ሰዎች አልወደዱትም፤ ያለ እሱ ቢሞክሩት ግን ዘፈኑ ጎደለ፤ ስለዚህ ቀረ።

በ1991 ዘፈኑ ዓለምን ሲያዳርስ አጎቴ አዲስ አበባ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ግንቦት 1983፣ እኛም ዘንድ ደርግ ወደቀ። በታኅሣሥ ደግሞ ጎርባቾቭ ባንዱን ክሬምሊን ጠርቶ ተቀበለ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሥልጣኑን ለቀቀ፣ አገሩም ከካርታ ጠፋ። በ2020 አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ «ዘፈኑን የጻፈው ሲ.አይ.ኤ. ነው» የሚለውን ወሬ ይዞ ሲመረምር ማይነ አስተባብሏል። አጎቴ ይህን ስነግረው «ሲ.አይ.ኤ. እንዲህ ማፏጨት ከቻለ ይሁንለት» ብሎ ሳቀ።

በ2010 እንሰናበታለን ብለው ነበር፤ አልተሰናበቱም። በ2017 የማይነ ጉሮሮ ታሞ ከአሜሪካ ዝግጅቶቻቸው የተወሰኑትን ሰረዙ። በ2025 በሃኖቨር ስታዲየም ስድሳኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ማይነ ሰባ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን 2022 አለ። ሩሲያ ዩክሬንን ስትወርር ማይነ ያን ዘፈን እንደ ነበረ መዝፈን ከበደው። ሞስኮን የሚያወድሱትን የመክፈቻ ስንኞች አውጥቶ ስለ ዩክሬን በሚናገሩ ተካቸው። ዜናውን በስልኬ አንብቤ ወደ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ሦስት ተማሪ ያስጠና ነበርና እስኪጨርስ በረንዳው ላይ ጠበቅሁት። ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝ። እሱ የተማረበት ከተማ እንኳ ስሙ ተለውጦ ሴንት ፒተርስበርግ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

«ግጥሙን ለወጠው አልከኝ?»

«አዎ ጋሼ፣ መጀመሪያውን።»

«ፉጨቱንስ?»

«ፉጨቱን አልነካውም።»

«እህ» አለና የተማሪዎቹን ደብተር ይሰበስብ ጀመር።